ዛጎል ጣይ አይደለሁም

ዛጎል ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወርጄ ጠምዛዛውን፣ ባለ ጥርሱን፣ ነብር መሳዩን እለቅማለሁ፤ አጥቤ መንገዱን በሚያየው መስኮቴ ላይ እደረድራለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያኔ ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ አንድ ግሪክ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር እኖር ነበር። አክስቴ ጠዋት ማታ «ኧረ ሣጥን ውስጥ ክተተው፣ ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ሰው የሚለውንማ አሳምሬ አውቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ዛጎል የሚይዝ ጠንቋይ ነው፤ እየጣለ የሰው ዕጣ ያነባል። እኔ ግን ምን ሰረቅኩና ልደብቅ? ለጠየቀኝ ሁሉ «መልኩን ወድጄ ነው» እያልኩ አስረዳሁ። ማን ይስማኝ። ማኅበር ላይ እንኳ ጽዋው እኔን እየዘለለ ያልፍ ጀመር።

ይባስ ብሎ የምወዳት ልጅ ነበረችኝ። አባቷ ቡና ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው «ለዛጎል ጣይ ከምድራት ቆማ ትቅር» ብለው መለሱብኝ። እርር ድብን አልኩ። እሷ ግን «ይበርድላቸዋል፣ ታገሥ» አለችኝ።

ጥቂት ሰንብቶ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በቀትር ሐሩር፣ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት እኚሁ አባቷ ናቸው። ወንድ ልጃቸው ቡና ጭኖ በጀልባ ወደ ኤደን ከተሻገረ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። መስኮቱን እያዩ «ጣልልኝ» አሉኝ። «በሕይወት አለ ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«አባቴ፣ እኔ መጣል አላውቅም። እንዲያው ደስ ስለሚሉኝ ነው የምለቅማቸው።»

«ተው ልጄ፣ አትጨክንብኝ። ደግ ነገር ንገረኝ፣ የልጅቷንም ነገር እንጨርሳለን።»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «አለ» ብል በቃ፣ ሚስት አገባሁ። ግን ያን ያህል የተሟገትኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ልጁስ ሞቶ ቢሆን? «አላውቅም» አልኳቸው። «ቂመኛ!» ብለውኝ ወጡ።

ልጁ በሳምንቱ ደህና ገባ፤ ነፋስ አጥተው ነው የዘገዩት። አባትየው ግን «ባሕር ላይ አስሮብኝ የከረመ እሱ ነው» ብለው አስወሩ፣ ልጅቷንም ድሬዳዋ ላለ ነጋዴ ዳሩ። ጉድ እኮ ነው። ጠንቋይ አይደለሁም ስል ጠንቋይ ሆኜ ቀረሁ።

ከመሄዷ በፊት ጨርቅ የምትገዛ መስላ ሱቅ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሰው ሁሉ ጠንቋይ ነው ሲልህ እኔ አንድ ቀን አላመንኩም» አለችኝ። «ግን ለእኔ ስትል አንዴ ብትዋሽ ምን ነበረበት?»

ከከተማው ሁሉ ጋር ተከራክሬያለሁ። ለእሷ ግን የምመልሰው አጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።