ባሕር ያልደረሰው ከሰል

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ሮቢት አጠገብ ባለው ማሳችን ዳር፣ አያቴ ከሰል በሚያከስልበት ጉድጓድ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። አመሻሽ ላይ ጉድጓዱ የለበሰው አፈር ተሰንጥቆ እሳቱ እንዳይነድድ ይጠብቅ ነበር፤ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እሱ ደግሞ እየሳለ ያወራል። አባባ ነበር የምለው። ቁጡ ነበር፤ ተረቱ መሐል ከጠየቅሁት «አንቺ ወሬኛ፣ አስጨርሺኝ!» ይለኛል።

ያኔ አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ጎርፍ ሲመጣ ውሃውን ወደ ማሽላችን ለመጥለፍ ከጎረቤቶቹ ጋር ወጣ፤ የቆመበት ዳር ተናደና ጎሊና ወንዝ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። ዳሩን በሥሮቻቸው ይዘው የነበሩትን ግራሮች ቆርጦ ያከሰላቸው ደግሞ አባባ ነው። ፊት ለፊት የተናገረው ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ሸክም ስለሠራ ባሕርን አይቷል። የሚነግረኝም ተረት አንድ ብቻ ነበር። አንዲት የከሰል ቁራጭ ጎርፍ ውስጥ ወደቀች። ስለታም ነበረች፤ ከድንጋይ ጋር ስትጋጭ ጠርዟ ተፋቀ፣ ተሰበረች፣ ደቀቀች፤ ወንዙ ከባሕሩ ሲገናኝ ጨዋማው ውሃ ተቀበላት፤ ፀሐይ መታትና ጥቁረቷ ለቀቀ፣ ውሃ ሆነች። እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይሰልላል። «አባትሽም ደርሷል፤ ወላሂ ደርሷል» ይለኛል። ክረምት በገባ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ አንድ እፍኝ ከሰል ይወረውርና ዱዓ ያደርጋል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ «አሚን» እላለሁ።

ከዚያ ቆቦ ገብቼ ትምህርት ቀጠልኩ። አንድ ቀን መምህራችን ካርታ ሰቀለ። ጎሊናን በጣቴ ተከትዬ ቁልቁል ወደ አፋር ወረድኩ፤ መስመሩ ቀጠነ፣ ነጠብጣብ ሆነ፣ ሜዳው መሐል ቀረ። አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ባሕር አይገባም አለኝ መምህሩ። አወይ ልጅነት! ደስ አለኝ እኮ፤ ለአባባ የምነግረው አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩና ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ «አባባ፣ ጎሊና እኮ ባሕር አይደርስም!» አልኩት።

አልተቆጣም። ምነው በተቆጣኝ! አካፋውን ተደግፎ «ታዲያ አባትሽ የት ነው ያለው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አባባ ተረት አላወራም፤ ጎርፍ ሲመጣም ከቤት አልወጣም። በሁለተኛው ክረምት ሞተ፣ አላህ ይዘንለት።

ዛሬ እኔው ራሴ ቆቦ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተረቱ ከሞላ ጎደል እውነት ነበር፤ የተቃጠለ እንጨት ብናኝ በወንዝ ባሕር ይገባል፣ ከፊሉ ይሟሟል፣ ፀሐይም ያፈርሰዋል፤ የቀረው ታች ደለል ውስጥ እልፍ ዘመን ይቆያል። ይኼ ግን ባሕር ለሚደርስ ወንዝ ነው። የእኛን ጎርፍ ማሳችን ላይ ጠልፈን እናስቀረዋለን፤ የተረፈውን አሸዋ ይጠጣዋል።

ዘንድሮ ማሳችን ላይ ማሽላውን ስኮተኩት ከአፈሩ አንድ ከሰል ወጣ። አባባ የወረወረው ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠርዙ እንኳ አልተፋቀም፤ ጣቴን ቆረጠኝ። ልጄ መጥታ «እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለችኝ። ተረቱን ልጀምርላት ብዬ ተውኩት። «ምንም አይደለም» አልኳትና መልሼ ቀበርኩት።