የሠርጌ ጤፍና የመርከቡ ሞተር

አባቴ ለሁሉም ነገር ቀስ ነው። እኔን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ሁለቴ "እስቲ እናስብበት" ብሎ መልሷቸዋል። በሦስተኛው እናቴ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን በሽበት ልትድራት ነው?" ብላ ስትጮህበት ነው እሺ ያለው። ሠርጉ ለቅበላ እሁድ ተቆረጠ። በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል፤ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም፣ እስከ ፋሲካ ቁጭ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ የምቆይበት አንጀት አልነበረኝም።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው መርከብ ሆድ ውስጥ ሞተር ሲያንቀሳቅስ ነው። መንግሥት ተቀይሮ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ላፍቶ ገባና ከብረት ነጋዴዎች አንድ የተጣለ የመርከብ ሞተር ገዛ። ጠግኖ፣ በቺንጊያ ከወፍጮ ጋር አገናኝቶ፣ ወፍጮ ቤት ከፈተ። ሞተሩን ግን ከግማሽ ፍጥነት በላይ አስኪዶት አያውቅም። "ባሕር ላይ ማቀዝቀዣው ውሃ ሞልቶ ተርፎ ነው። እዚህ በበርሜል ነው የማጠጣው፤ ከጋለ ተጣብቆ ይቀራል" ይላል። እናቴ "ሞተር ነው ወይስ ጥጃ የምታሳድገው?" ትለዋለች።

በሠርጌ ሳምንት መብራት ጠፋ፤ ቧንቧውም አብሮ ደረቀ። በመብራት የሚሠሩት ወፍጮዎች ሁሉ ቆሙና ሌላ ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ፣ ከፉሪ በአህያ የጫነ ገበሬ ሁሉ እኛ በር ላይ ተኮለኮለ። የእኔ ጤፍ መጨረሻ ላይ ነው። "የራሳችንን እናስቀድም" ብንለው፣ "ተራ ተራ ነው" አለ። ኧረ በገዛ አባቴ ወፍጮ! ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሊጡ ዛሬ ካልተቦካ እንጀራው ለእሁድ አይደርስም።

"አባዬ፣ በዚህ አካሄድ የኔ እህል በጾም ነው የሚፈጨው! ልቀቀው በቃ!" ብዬ ጮህኩበት።

ሰልፉን አየ፤ እኔን አየ። "ውሃ እንዳታቋርጡብኝ" አለና የሞተሩን የፍጥነት እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋው።

ወይ ጉድ! ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ዘለለ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ዱቄቱ እንደ ጉድ ይወርዳል። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የእድሩ ሰው ከሰፈሩ ወንዝ እስከ በርሜሉ ተሰልፎ ጀሪካን ይቀባበላል። ቀዝቃዛው ውሃ ገብቶ ሞተሩን ያበርድና በሌላ ቱቦ ትኩስ ሆኖ ይወጣል፤ ንፁህ ነው። ሴቶቹ ይሄን ሲያዩ ጊዜ ሳፋቸውን ደቀኑ። ልብስ አጠቡ፣ እግራቸውን ታጠቡ፣ በመጨረሻም እኔን ጎትተው ጸጉሬን አጠቡኝ። የሙሽራ ጸጉር በሞተር ውሃ! በሳቅ ፍርስ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሰዉ ደከመ፤ ጀሪካኑ እየዘገየ መጣ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። አባቴ ሊቀንሰው እጁን ሲሰድ፣ በቃ፣ ሠርጌ ለፋሲካ ሊሆን ነው አልኩ።

ያኔ ነው እጮኛዬ ከመካኒሳ ሚዜዎቹን አስከትሎ የደረሰው። ሙሽራ በሠርጉ ሳምንት ሙሽሪት ቤት ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። እሱ ግን በሁለት እጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ ዘው አለ፤ ወዲያው ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት ለበሰ። ደስ ሲል! ወንዝ ወርዶ ይመጣል፣ ይገለብጣል፣ ተመልሶ ይሮጣል። መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ያ ነጭ ልጅ ጎበዝ ነው! የማን ልጅ ነው?" ብሎ አባቴ በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸ።

"እኔ እንጃ!" አለች እናቴ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሰልፉ አለቀ፤ የኔ ጤፍ ብቻ ቀረ። አባቴ ራሱ ተሸክሞ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጠው። ከዚያ እጀታውን ሳብ አደረገና ሞተሩን ወደዚያ ወደ ድሮ አዝጋሚ ድምፁ መለሰው።

"አባዬ! ምነው? ጋለ እንዴ?"

"አልጋለም።"

"ታዲያ ለምን ቀነስከው?"

የሚወርደውን ዱቄት በመዳፉ ተቀበለና በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "ለዚያ ለነጩ ልጅ ውሃው ይበቃል በዪው። እሁድ በር ላይ አናስገባም ብለን የምናንገላታው እሱን ነውና ይረፍ።" አይኑን ከዱቄቱ ላይ አላነሳም። "የቀረው ያንቺ ብቻ ነው፣ እሙዬ። ምን ያስቸኩለናል?"

ከጠዋት ጀምሮ ልቀቀው ልቀቀው ስለው የዋልኩት እኔ፣ ባዶ ጆንያ አንጥፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እሺ አባዬ" አልኩት። "ቀስ አድርገው።"