በጦር ሰፈሩ በር ላይ የተመዘገበው እንግዳ

ኖሪን ማክኢሳክ አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ የካናዳ ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ፣ ሾርባ ስታማስል የኖረች፣ በሰው ነገር የማትገባ ሴት ናት። ምን ዋጋ አለው! በጥር ወር አንድ ጠዋት እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ባለው ቤቷ መጋረጃዋን ስትገልጥ ባላየሁት የሚያሰኝ ነገር አየች። ሳጅን ቦውሪ የሚባለው ወታደራዊ ፖሊስ ጎረቤቷን ትራቪስን በካቴና አስሮ፣ በረዶው ላይ ደፍቶ፣ በጉልበቱ አንገቱን ተጭኖታል። ኋላ የተከሰሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ትራቪስ! «ፖሊስ መታ» ተብሎ። ከኖሪን በቀር ያየ ሰው የለም።

የትራቪስ እናት ኦታዋ ላለው ኮሚሽን አመለከተች። ወታደራዊ ፖሊሶች ሲያጠፉ የሚመረምሩት እዚያ ያሉት ሲቪሎች ናቸው። መርማሪው አቶ ዴሮሽ ጎረቤት ናትና ያየችው ነገር እንዳለ ሊጠይቅ ለኖሪን ደወለ።

«ስምሽ አይወጣም። የት እንገናኝ?»

«እቤት ይምጡ» አለች በድንጋጤ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም! ወደ ሰፈሩ የሚገባ እንግዳ በር ላይ ስሙ፣ መሥሪያ ቤቱና የሚሄድበት ቤት ይመዘገባል። መዝጋቢዎቹ ደግሞ እነዚያው ወታደራዊ ፖሊሶች ናቸው። ኖሪን በሩን ከመልመዷ የተነሳ ረስታው ነበር።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?» አለ ባሏ ኮርፖራል ክሌተን፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ከተማ ወርደሽ አታገኚውም? ቤቱ የጦሩ፣ ደሞዙ የጦሩ! ነገ ቢያባርሩን የት እንገባለን?»

እንዳይመጣ ልትነግረው ለዴሮሽ ደጋግማ ደወለች። አያነሳም፤ መንገድ ላይ ነው። የሷ ስልክ ሲጮህ ክው አለች።

«ኖሪን፣ እንዴት ዋልሽ? ቦውሪ ነኝ፣ ከበር» አለ ሾርባዋን ስንት ዓመት ሲበላ የኖረው ሰውዬ። ድምፁ ማር ነው። «አንድ ከኮሚሽኑ የመጣ ሰው አንቺ ጋ ነው የመጣሁት ይላል። ተሳስቶ ነው፣ አይደል?»

 አጠገቧ ሆኖ የሚሰማው ክሌተን በእጁ «አዎ በይው! አዎ በይው!» ይላታል። አዎ ብትል ሰውዬው ይመለሳል፣ እነሱም በሰላም ያድራሉ፣ ትራቪስ እስር ቤት ይገባል። ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«አልተሳሳተም» አለች። «የኔ እንግዳ ነው፤ አስገባው።»

ቦውሪም «የሚወጣበትን ሰዓት ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«ያየሁትን ነግሬው ስጨርስ!»

ስልኩን ዘጋችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ክሌተን አያት አያትና ለእንግዳው በር ሊከፍት ተነሳ።