የአፍንጫው ይግባኝ

ሰው ከውትድርና እግሩን ጥሎ ይመጣል፣ ዓይኑን ጥሎ ይመጣል። የእኔ ባል አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ፤ ችግሩም እሱ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ መጀመሪያ ላይ እኔም እስቅ ነበር። ነቀምት ላይ ክረምቱ ወጥቶ ኑጉ ሲያብብ የማያስነጥስ ማን አለ ይሉኛል። እውነት ነው። የሌላው ሰው ግን ኑጉ ሲታጨድ ይተወዋል፤ እሱን ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም።

ሲቀጠር ጤነኛ ነበር። ተኩስ ላይ ብዙም አልዋለም፤ ቆላ ውስጥ የአንድ ጦር ክፍል መጋዘን ሠራተኛ አደረጉት። አሮጌ ብርድ ልብስና ድንኳን እያራገፈ፣ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት የእህል ጆንያ እየተሸከመ ወጣትነቱን እዚያ ጨረሰ። ሲሰናበት አፍንጫው የተደፈነ፣ ዓይኑ የሚያብጥ፣ ሽታ የማይለይ ሰው ሆኖ መጣ። ሐኪም የአፍንጫ አለርጂ ነው አለው፤ ሰፈርተኛው ሳይነስ ይለዋል። ወጥ ቢያርር እንኳ እኔ ካልነገርሁት አያውቅም።

የአገልግሎት ዘመኑ ለጡረታ አይበቃም። ሕመሙ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ተብሎ ካልተወሰነለት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። እስከዚያው ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው የአጎቱ ልጅ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ሌላ የሚቀጥረው አልተገኘም። እስቲ አስቡት፣ አቧራ የሚጥለውን ሰው ዱቄት ውስጥ! ሲመሽ ትራስ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያንቀላፋው። ከዚያ ውሳኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ እንዲያወጣልኝ።

የሐኪሞች ቦርድ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከአገልግሎቱ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም ብሎ መለሰው። ይግባኝ የሚባለው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው ተባልን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ መለማመጥ አልችልበትም፣ መጨቅጨቅ ግን እችላለሁ። ጨቀጨቅሁ። መጋዘኑ ውስጥ አብሮት የሠራ ጓደኛውን ፍለጋ አርጆ ድረስ ሄድሁ። "እሱ እኮ ከዚያ ቤት ሲወጣ ዓይኑ አይገለጥለትም ነበር፤ እጁን ይዘን ነው የምንመራው" አለኝ። መጥቶም መሰከረ። የቀረው ባለቤቴ ራሱ ቦርዱ ፊት ቀርቦ የሚሰማውን መናገር ነበር። ይህን ከሁሉም ቀላሉ ነው ብዬ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ ቸርች ጸለዩለት። እኔ ኪራሙ ከወሎ ሰፋሪዎች ቤት ነው የተወለድሁት፤ እኛ ቤት ሕመም ይነገራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ጠበል የሚወርድ ሰው እንኳ ሕመሙን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶ ነው የሚሄድ። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው። የተጸለየለት ሰው ይነሣና ተፈውሻለሁ ብሎ ይመሰክራል፤ ሕመሙ ገና ባይለቀውም በእምነት ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ አሞኛል ማለት ፈውሱን መካድ ነው። ባለቤቴም ተነሣ። "ጌታ ፈውሶኛል" አለ፤ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። አጠገቡ ሆኜ አፍንጫው ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ። መሐረብ አቀበልሁት።

ቤት ስንገባ "ለሐኪሞቹም እንዲህ ልትላቸው ነው?" አልሁት።

"ሀደ እጆሌ፣ እስቲ ተይኝ" አለኝ። በኦሮምኛ የልጆች እናት ማለቱ ነው፤ ክርክር ሲሰለቸው እንዲህ ይለኛል። ተውሁት። ቸርች ቸርች ነው፣ ቢሮ ቢሮ ነው፣ ሁለቱን አያምታታም አልሁ።

የቀጠሮው ዕለት ጭራሽ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ አቧራውን አስተኝቶት አደረ። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ አፍንጫው ተከፍቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ ተነሣ። ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር። "በወፍጮ ቤቱ በኩል እንለፍ" አልሁት። ነገሩ ወዲያው ገባው። "ልታስነጥሺኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያልሁት ግን ከልቤ ነበር። በሌላው መንገድ ሄድን።

ሦስት ሐኪሞች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔን ወረቀቱን ስለያዝሁ አስገቡኝና የሚናገረው ባለጉዳዩ ብቻ ነው ብለው ከኋላ አስቀመጡኝ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፋ፣ ጥሩ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?" አለው፣ እንዴት ነዎት ሲል።

"ፈያዳ፣ ገለኒ ዋቀዮፍ።" ደህና ነኝ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን።

ይሄ ሰላምታ ነው፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ነው የሚመልሰው። ሐኪሙ ፈገግ አለና ለሌሎቹም እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠለ። "አሁን የምጠይቅዎት ስለ ሕመሙ ነው። አፍንጫዎን እንዴት ያደርግዎታል?"

ከኋላ ሆኜ የባለቤቴን ማጅራት ነው የማየው፤ በላብ ርሷል። በየትኛው መዝሙርና በየትኛው ታቦት እንደተማጸንሁ አላውቅም፤ ብቻ ተናገር፣ ተናገር እያልሁ ነበር።

"ጌታ ፈውሶኛል" አለ።

"መተንፈስስ? እንቅልፍስ?"

"ምስጋና ለጌታ።"

"ታዲያ ይግባኙ ምንድን ነው?"

"እዚያ መጋዘን ታምሜ ነበር። ያኔ ማለቴ ነው።"

ተነሣሁ። "ዶክተር፣ አልዳነም! ጋደም ብሎ መተኛት አይችልም፤ ወፍጮ ቤት ነው የሚውለው!" ድምፄ ክፍል ውስጥ ተማሪ ላይ እንደምጮኸው ሆኖ ወጣ።

"እናቴ፣ ይቀመጡ። እሳቸው ይናገሩ" አለኝ። ከዚያ በባትሪ አፍንጫውን አየው፤ ክፍት ነው። ባትሪውን አጥፍቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አሁን ያመኛል ቢሉኝ የምጽፈው ነገር ይኖረኛል፤ ምስክርም አለዎት። ድኛለሁ ያለኝን ሰው ግን ታሟል ብዬ እንዴት ልጻፍ?" አለው። አንድ ቃል ነበር የለመነው። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

ስንወጣ ልሰድበው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው ተውሁት። ኩራት አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነበር። "እግዚአብሔርን ሕዝብ ፊት አመስግኜ ሰው ፊት ልካደው?" አለኝ። ታዲያ ማንን ልቆጣ? ሐኪሙ የነገሩትን ነው የጻፈ። ቸርቹም በፍቅር ነው የጸለየለት። እግዚአብሔርን መቆጣት ደግሞ እፈራለሁ። ቤት ገብቼ ድስት ሳጋጭ ዋልሁ።

ውሳኔው መጣ፤ ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም፣ ከዚህ በላይም የሚቀርብበት ቦታ የለም። ባለቤቴ አንብቦ መለሰልኝና እንደ ወትሮው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ።

በጋው በገፋበት ወቅት ትምህርት ቤት ዝግ በነበረበት አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድሁ። በሩ ላይ በቆሎ በአህያ የጫኑ ሰዎች ወረፋ ይዘዋል። ሻሽ አፍንጫው ላይ አስሮ ወጣ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፣ ዓይኑ አብጦ ሊከደን ደርሷል። ሻሹን አወረደና ግድግዳውን ተደግፎ አፉን ከፍቶ አየር ሲፈልግ ቆየ። ሳህኑን ልከፍትለት ስል እጄን ያዘኝ። ማንም እንዳይሰማው ዙሪያውን አየ።

"አሞኛል" አለኝ።

ከተጸለየለት ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ተናገረው፣ ለእኔ፤ የማደርስበት ቦታ ግን አልነበረኝም። "አውቃለሁ" አልሁት። ከውስጥ ሲጠሩት ሻሹን መልሶ አሰረና ሳይበላ ገባ።