«ጨዋ ልጅ ናት» አሉኝ

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ደረቴን ነፍቼ ነበር የወጣሁት። አስተማሪዋ ልጄ ዝምተኛ፣ ሥርዓት ያላት፣ ማንንም የማታስቸግር መሆኗን ደጋግማ ነገረችኝ። እኔም በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩትና «ጨዋ ልጅ ናት ማለቷ ነው» አልኩ። በእኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ትልቅ ሰው ሲናገር እንዳታቋርጥ፣ ሳትጠየቅ እንዳትናገር፣ አውቃለሁ ብላ እንዳትንጠራራ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አስተማሪዋን እጅ ነስቼ አመሰገንኩና መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለባለቤቴ ደወልኩላት።

ስለ ሒሳቧ ግን አልጠየቅኩም። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ተማርኩት። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ስናጠና ልጄ ትቀድመኝ ከጀመረች ቆይታለች። ትምህርት ቤቱም ይህን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

በረዶ መጣል ሲጀምር፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራት ከትምህርት ቤት ላወጣት ሄድኩ። ቢሮ ያለችው ሴት ሥራ በዝቶባት ስለነበር ደረቴ ላይ የጎብኚ ምልክት ለጥፋ በኮሪደሩ ሂድ አለችኝ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ የሁለቱም በር ክፍት ነበር። በግራው ክፍል ያሉት ልጆች ከአንድ ሁለቱ በቀር ነጮች ናቸው፤ ሰሌዳውን ከበው ይከራከራሉ። በቀኙ ክፍል የጥቁር አሜሪካውያን፣ የሶማሌ፣ የኔፓል፣ የእኛም ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ወረቀት ይሞላሉ። ልጄ ያለችው እዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደግሞ ከእኔ ጋር ድሮ የጨረሰችው ሒሳብ ነው።

መኪና ውስጥ ጠየቅኳት።

«ያ በግራ በኩል ያለው ክፍል ምንድን ነው?»

«አድቫንስድ ማት፤ ከፍ ያለው ሒሳብ።»

«አንቺስ?»

«ሬጉላር። ኢትስ ፋይን፣ አባዬ።»

«ማን ነው የሚመርጠው?»

«ቲቸሯ ሪኮመንድ ታደርጋለች። ወይ ፓረንትስ ኢሜይል ያደርጋሉ።»

«የምትማሪው እኮ ለአንቺ ጨዋታ ነው! ለምን አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝማ!»

ወደ ጥርስ ሐኪሙ ነዳሁ። ልጄ ኢንጂነር መሆን ትፈልጋለች። ያንን ክፍል በዚህ ዕድሜው ያልገባ ልጅ ደግሞ ሃይስኩል ሲደርስ ከፍተኛውን ሒሳብ ለመያዝ ጊዜ አይበቃውም። ሁለት በር ብቻ መስሎኝ ያየሁት የሕይወቷ መንገድ ነበር።

አስተማሪዋን ሄጄ አነጋገርኳት። «እዚያ ክፍል ብዙ መናገር አለ፤ እሷ ደግሞ ዝምተኛ ናት። እዚህ የበለጠ ኮምፈርተብል ናት፤ ይመቻታል» አለችኝ ፈገግ ብላ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ጎረቤታችንን አገኘሁ። ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሆነው ልጁን ሲጣሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ በዚህ ምክንያት ልጄን እነሱ ቤት እንዳትሄድ ከልክያት ነበር።

«ፊትህ ምን ሆነ? ሰው ሞተብህ?» አሉኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ኮምፈርተብል! እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ልጅ ሆኜ ጥቁር ልጆች ከነጮች ጋር ይማሩ ተብሎ በፍርድ ቤት ተፈረደና በአውቶቡስ ከተማውን አቋርጠው ይወስዱን ነበር። በአንድ በር አብረን እንገባለን፤ ከገባን በኋላ እነሱ ፎቅ፣ እኛ ምድር ቤት!»

«የልጅ ልጅዎ ግን እዚያ ከፍተኛው ክፍል ነው፤ እንዴት አስገቡት?»

«ቢሮአቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ተቀመጥኩ። ቡና ሰጡኝ፤ ጠጣሁና ተቀመጥኩ። አንተ ግን ታመሰግናቸዋለህ!»

የሥራ ሽፍቴን ቀይሬ እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሯ ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ፤ እጠብቃለሁ አልኩ። ሌላ ቀን ና አሉኝ፤ መጣሁ። ድምፄን ከፍ ማድረግ አልሆነልኝም፤ ግን አልተነሳሁም። በመጨረሻ ትፈተን ተባለ። ተፈተነች፤ አለፈች። ገረመን አሉ እንጂ ይቅርታ ያለ ሰው የለም።

እኛ የሐበሻ አባቶች አንድ መጥፎ ወሬ አለን። ስንገናኝ «እነዚህ ጥቁሮች ምን ያስጮኻቸዋል?» እንባባላለን፤ ራሳችን ጥቁር ያልሆንን ይመስል። እኛ ሥርዓት ያለን ነን ብለን እንኮራለን። ልጆቻችንን የምናስገባበት በር ግን በእነሱ ጩኸት የተከፈተ ነው። ዝምታችንን ደግሞ ያከበረልን የለም፤ ተመቻቸው እንጂ።

ልጄ አዲሱ ክፍል በገባች ቀን አንድ ልጅ በሩ ላይ «የእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ክፍል ወደዚያ ነው» አላት። እዚሁ ኮሎምበስ ነው የተወለደችው። አልፋው ገብታ ተቀመጠች። ይህን የነገረችኝ ሳታለቅስ ነው። ያስከፋት ሌላ ነገር ነበር።

«ጓደኛዬስ?» አለችኝ። በቀኙ ክፍል አብራት ትቀመጥ የነበረችውን የሶማሌ ልጅ ማለቷ ነው። «በሒሳብ ከእኔ ትበልጣለች።»

«እናት አላት አይደል?»

«እናቷ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ዩ ኖው ዛት። አንተ ሄደህ ንገርላት።»

«አንቺ የራስሽን ትምህርት ያዢ።»

«ዛትስ ሰልፊሽ፣ አባዬ።»

ራስ ወዳድ ማለቷ ነው። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ለአንድ ወንበር ያን ያህል የተቀመጥኩ ሰው፣ ወንበሩ ሲገኝ ለመነሳት አንድ ቀን አልፈጀብኝም። እያንዳንዱ አባት የራሱን ልጅ ብቻ እየመዘዘ ከወጣ የቀኙ ክፍል እንዳለ እንደሚቀር አውቃለሁ።

የልጅቷን እናት ገበያ ውስጥ አገኛታለሁ። በእጄ ሰላምታ እሰጣታለሁ፤ እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች። እስካሁን ከሰላምታ አላለፍኩም።