ሞግዚት ልሾምለት ፍርድ ቤት የወሰድኩት አባቴ

ይህ የሆነው ሚሌኒየሙን ለማክበር ጥቂት ወራት ሲቀሩን፣ እዚሁ ከሚሴ ነው። ፍርድ ቤት ቆሜ የተሸነፍኩት በዕድሜዬ አንዴ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ደግሞ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሰንበቴ ገበያ ፍየልና ግመል ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ታመመና ከቀሩት ጥቂት ፍየሎቹ ጋር እኔ ቤት አመጣሁት። ሰውነቱ ዳነ፤ አንደበቱ ግን ተዘጋ። «አባ ብላ» ስለው ይበላል፤ «አባ ተኛ» ስለው ይተኛል። ሌላ ቃል የለም። እኔም ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ የምባክን ሴት ነኝና «በቃ ጃጅቷል» ብዬ ደመደምኩ።

ችግሩ የመጣው የአባቴ የራሱ ቤት ካርታ ሲታደስ ነው። ቤቱ በስሙ ስለሆነ ወይ ራሱ ይቅረብ፣ ወይ ውክልና ይስጥ ተባለ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ባማክረው፣ «የጃጀ ሰው የሰጠው ውክልና አይጸናም። ሞግዚት ይሾምለት። ከተሾምሽ ግን አንድ ፍየል እንኳ ያላንቺ ፊርማ መሸጥ አይችልም» አለኝ። ቅር አለኝ። ቢሆንም አስጻፍኩ። ለምስክርነትም የአባቴን የጥንት የገበያ ወዳጅ፣ ሐሰን የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ አስጠራሁ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው፣ ወጣት ግን ትሁት ሰው ነው፣ አባቴን «ስምዎ ማን ይባላል? ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀው። ዝም። በአማርኛ ደገመለት። ዝም። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዳኛው መጻፍ ጀመረ። ማሸነፌ ነው፤ ግን እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሐሰን ተጠሩ። ሽማግሌው የምስክር ቦታውን ትተው ቀጥ ብለው አባቴ አጠገብ ተቀመጡ። አፋር ወዳጁን ሲያገኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ ማለትም ያየ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ሳይነግርና ሳይሰማ፣ ወደ ሌላ ጉዳይ አያልፍም። ፍርድ ቤትም ቢሆን!

«እንድሬ፣ አካም፣ ነጋያ? ከብቱስ? ዝናቡስ? ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?» አሉት፤ አካም ነጋያ በእኛ በኦሮምኛ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ወይ ማለት ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ የሰማውን ሁሉ ዘረገፈው። የጨፋ ሮቢት ገበያን የማሽላ ዋጋ፣ የጎረቤታችንን መውለድ፣ የባጃጅ ነጂዎቹን ጠብ፣ ሁሉንም በየዕለቱ። ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ማክሰኞ ደግሞ ልጄ ጃጅቷል ብላ እዚህ አመጣችኝ። አልተቀየምኳትም። ስትሮጥ ውላ እራቷን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። ወላሂ ሐሰን፣ ሞግዚት የሚያሻትስ እሷ ነች!»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ የት ልግባ!

ዳኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አባት፣ እኔ ስጠይቅዎ ለምን ዝም አሉ?» አለው።

«ሰላም ሳትለኝ ስሜን ጠየቅከኝ። ቤትም ብላ፣ ተኛ ነው እንጂ ምን ሰማህ የሚለኝ የለም» አለ አባቴ።

አንጀቴን በላው። ዳኛው «አፉ ይበሉኝ» አለና ማመልከቻዬን ውድቅ አደረገው። አእምሮው ሙሉ የሆነ ሰው ሞግዚት አይሾምበትም፤ ለሚያምነው ሰው፣ ለፈለገው ጉዳይ ብቻ ውክልና መስጠት ይችላል ብሎም አስረዳን። አባቴ በሳምንቱ ውክልና ሰጠኝ። «ለቤቱ ወረቀት ብቻ! ፍየሎቹን እኔው አውቃለሁ» አለ።

ዛሬ በሕይወት የለም፣ አላህ ይዘንለት። ያን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ፤ ሳቄ ግን ይበልጣል። እኔም በተራዬ ማን ምኔን እንዲይዝልኝ እንደምፈልግ በጤናዬ ለልጆቼ ነግሬያለሁ። «ዝም ያልኩ ዕለት ግን» አልኳቸው፣ «ማመልከቻ ከማስጻፋችሁ በፊት ቁጭ በሉና ምን ሰማሽ በሉኝ።»