ላፕቶፔ በደረት ኪሴ

ቴፒ ተማሪ ሳለሁ የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። ጠጋኙ በሱ ፈንታ ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ ሲስተሙን ጫነልኝና ላፕቶፑ ቦግ አለ! በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። ካርዷን በደረት ኪሴ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ፣ “ላፕቶፔ ይቺ ናት!” እል ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ሸሚዜን ላጥብ ብዬ ካርዷን ጠረጴዛ ላይ ተውኳት። ስመለስ የለችም። አከራዬ ለስልካቸው መዝሙር ሊያስጭኑ ሱቅ ሄደው ኖሯል፤ ፈገግ ብለው መጡ።

“ያንተም ሚሞሪ ባዶዋን ተቀምጣ አሳዘነችኝ፤ አብሬ አስሞላሁልህ፣ ልጄ።”

ባለሱቁ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ መዝሙር ሞልቶባታል። ንዴቴ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ላፕቶፔ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ፤ በዚህኛው ግን ዝማሬ አላነሰውም።